የልደታው አሮጌ ኤርፖርት

ዛሬ «ልደታ» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ኮንዶሚኒየሙ ወይም ፍርድ ቤቱ ነው። የልደታ አየር ማረፊያ ግን ከዚያ ወደ ምዕራብ ራቅ ይላል፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ ነው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል።

አውሮፕላን ለአዲስ አበባ ከልደታ በፊትም እንግዳ አልነበረም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን አብርሮ ገፈርሳ ላይ አርፏል። ከጣሊያን ወረራ በፊት አቃቂም ማረፊያ ነበረው።

ልደታ ስሙ የገነነው በወረራው ዘመን ነው። ጣሊያኖች ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ያዙ። ሜዳውንም በጦርነቱ በሞተ አብራሪያቸው ስም «ኢቮ ኦሊቬቲ» አሉት። ስሙ ግን ከነሱ ጋር ሄደ፤ ሕዝቡ ልደታ ማለቱን አልተወም።

በዚያ ክረምት አውሮፕላን ለጣሊያን ዋና መተማመኛ ነበር። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቷል፤ ከከተማዋ ወጣ ሲባል ደግሞ አርበኛ አለ። አርበኞች ሐምሌ 21 ቀን አዲስ አበባን ሲያጠቁም ጠላት ከአየር ደብድቧቸዋል። አውሮፕላን ሁሉ ግን በሰላም አልተመለሰም። በሰኔ ወር ከአዲስ አበባ ተነስተው ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ያረፉትን አውሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሌሊት ከበው አቃጠሏቸው። ጄኔራል ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ ሎካቴሊ እዚያው ቀሩ። ከአጥቂዎቹ መካከል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩበት። አውሮፕላን የሌለው ጦር አውሮፕላን ሲያወድም ማንበብ ደስ አይልም?

አላ ሊቶሪያ የተባለው የጣሊያን አየር መንገድም ሮምን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ መስመር ነበረው። «የኢምፓየር መስመር» ይሉት ነበር። ኢምፓየሩ አምስት ዓመት ነው የቆየው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል የአዲስ አበባን አየር ማረፊያ ደበደበ፤ መጋቢት 28 ቀን ከተማዋ ተለቀቀች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው ልደታን ማዕከሉ አድርጎ ነው። ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ጋር ስምምነት የተፈረመው በ1945 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። አውሮፕላኖቹ ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ሲ-47 ነበሩ፤ አምስት። መንገደኛው ጎንና ጎን በተዘረጋ የወታደር አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ዕቃው መሐል ይጫናል። ኋላ ኮንቬየርና ዲሲ-6 ቢ መጡ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 እ.ኤ.አ. የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። ትልቅ ነገር ነው፤ እስከዚያ ድረስ አዛዡ የውጭ ሰው ነበር።

ልደታን ያስረጀው ጄት ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፤ የልደታው ደግሞ ለቦይንግ 720 አይበቃም ነበር። ስለዚህ ቦሌ ተሠራ፤ ጄቶቹም በ1955 ዓ.ም. እዚያ ሥራ ጀመሩ። ልደታ ለጦሩ አቪዬሽን ቀረ።