የወረርሽኝ ስጋት የኢኮኖሚ ሞዴል ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11,300 በላይ ሰዎችን ገደለ። ሦስቱ አገሮች በዚያን ጊዜ በድምሩ ወደ 22 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። ከ2,000 ሰው አንድ መሆኑ ነው። ሐዘኑ በቁጥር አይለካም። ግን አንድ ጥያቄ ያስነሳል፦ ከ2,000 ሰው 1,999ኙ በሕይወት እያለ የነዚህ አገሮች ኢኮኖሚ ለምን እንዲያ ተንኮታኮተ? በ2014 መጨረሻ አካባቢ የዓለም ባንክ በስልክ ባደረገው ጥናት፣ ላይቤሪያ ውስጥ ቀውሱ ሲጀምር ሥራ ከነበራቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሥራ አልነበራቸውም።

እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው ኢኮኖሚስቶች ሞዴል የሚሠሩት። ሞዴሉ የአንድን አገር ኢኮኖሚ በቁጥርና በቀመር የሚገልጽ ስሌት ነው። ገበሬው ለማን ይሸጣል? ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ከማን ይገዛል? ቤተሰብ ገቢውን ከየት ያገኛል፣ ምን ላይስ ያወጣዋል? መንግሥት ከማን ግብር ይሰበስባል? ይህ ሁሉ በአንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ይሰፍራል። ሰንጠረዡን ሶሻል አካውንቲንግ ማትሪክስ ይሉታል። ከዚያ ስሌቱ ሁለት ጊዜ ይሠራል። አንዴ ወረርሽኙ ባይመጣ ኖሮ፣ አንዴ ደግሞ ቢመጣ። የሁለቱ ልዩነት የወረርሽኙ ዋጋ ይባላል።

ወረርሽኙ ወደ ሰንጠረዡ የሚገባባቸው መንገዶች አሉ። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ሰው ይታመማል፣ ይሞታል፣ አስታማሚም ከሥራ ይቀራል። ሁለተኛው የሕክምና ወጪ ነው፤ መንግሥት የመንገድና የትምህርት ቤት በጀቱን ወደዚያ ያዞራል። እነዚህ ሁለቱ ከባድ ቢሆኑም ብቻቸውን አገር አያቆሙም።

አገር የሚያቆመው ሦስተኛው ነው። እሱም ፍርሃት ነው።

የታመመው አንድ ሰው ቢሆንም የሚሸሸው መንደር ሙሉ ነው። በነሐሴ 2014 ኬንያ ኤርዌይስ ወደ ላይቤሪያና ሴራሊዮን የሚያደርገውን በረራ አቆመ። ብሪቲሽ ኤርዌይስም እንዲሁ። በላይቤሪያ የብረት ማዕድን ማስፋፊያ ሥራ ላይ የነበሩ ተቋራጮች ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወጡ። ድንበር ተዘጋ፣ ገበያ ተበተነ። እንደ እኛ ደቦ ተሰባስበው የሚያርሱና የሚያጭዱ ገበሬዎች መሰባሰቡን ፈሩት። ሩዙ ማሳ ላይ ደርሶ የሚያጭደው ሰው ጠፋ። ኢቦላ ያልደረሰባቸውና በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚርቁት ኬንያና ታንዛኒያ ሳይቀሩ ቱሪስት ጉዞ ሰረዘባቸው።

የዓለም ባንክ በዚያው ዓመት ጥቅምት ባወጣው ዘገባ ሳርስንና ኤች1ኤን1ን (የአሳማ ጉንፋንን) የመሳሰሉ የቀድሞ ወረርሽኞችን ጠቅሶ፣ ከኢኮኖሚ ጉዳታቸው ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው ከዚህ ሽሽት የመጣ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። ሳርስ በ2003 የገደለው 774 ሰው ነው። ሊ እና ማኪቢን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ግን በዓለም ኢኮኖሚ ላይ ያደረሰውን ኪሳራ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር ገምተውታል። ስለዚህ ሞዴል የሚሠራ ሰው ትልቁ ፈተናው የቫይረሱ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ሰው ምን ያህል እንደሚፈራ፣ ፍርሃቱስ ስንት ወር እንደሚቆይ በቁጥር ማስቀመጥ አለበት። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ሕዝብ የሚያምነው መረጃ በጊዜ ማድረስ የጤና ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታያል። በእነዚህ ስሌቶች ግን ከማንኛውም የድጎማ እርምጃ ያላነሰ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው።

ሞዴሉ ትንቢት ነው ወይ? አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባንኩ በጥቅምት 2014 ሁለት ዓይነት ሁኔታ አስልቶ ነበር፤ አንዱ በሽታው ቶሎ ቢገታ፣ ሌላው ወደ ጎረቤት አገሮች በስፋት ቢዛመት። በክፉው ግምት የምዕራብ አፍሪካ ኪሳራ እስከ 2015 መጨረሻ 32.6 ቢሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። ጥር ላይ ግን ለመላው ከሰሃራ በታች አፍሪካ ግምቱ ከ500 ሚሊዮን እስከ 6.2 ቢሊዮን ዶላር ወረደ። በመሃል ምን ተፈጠረ? ናይጄሪያ ሌጎስ የገባውን በሽታ በ20 ታማሚዎች ላይ አስቆመችው፤ ሴኔጋልም ገታችው። ክፉው ሁኔታ ሳይመጣ ቀረ እንጂ ስሌቱ ስለዚያ ሁኔታ የተናገረው ውሸት አልነበረም።

በተቃራኒው ደግሞ ላይቤሪያን እንይ። ከወረርሽኙ በፊት ለ2014 የተገመተው ዕድገት 5.9 በመቶ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ወደ 2.2 ዝቅ ተደረገ። በመጨረሻ የተመዘገበው ከ1 በመቶ በታች ሆነ። የሴራሊዮን ደግሞ ይብሳል፤ በ2015 ኢኮኖሚዋ 20 በመቶ ገደማ ተኮማተረ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የብረት ማዕድን የዓለም ዋጋ ወድቆ ትልልቆቹ ማዕድን ማውጫዎቿ ተዘግተው ነበር። ከዚህ ኪሳራ የኢቦላ ድርሻ የቱ ነው፣ የብረቱስ? ሁለቱን ለመለየት ነው «ባይመጣ ኖሮ» የሚለው ስሌት የሚያስፈልገው። አስቸጋሪነቱም ያው እዚያው ላይ ነው።

«ስጋት» የሚለው ቃል የገባው ደግሞ ወረርሽኙ ሳይመጣ አስቀድሞ ስለሚሰላ ነው። ለምሳሌ አንድ ወረርሽኝ በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 2 በመቶ ይሁን፤ ከመጣ የአገሪቱን ገቢ 5 በመቶ ያጠፋል እንበል። ሁለቱ ሲባዙ ስጋቱ በየዓመቱ ከገቢው 0.1 በመቶ ይወስዳል ማለት ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ለላቦራቶሪና ለክትትል ምን ያህል ማውጣት እንደሚያዋጣው የሚያመዛዝነው እንዲህ ካለው ቁጥር ጋር ነው። ፋን፣ ጄሚሰንና ሰመርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከኮቪድ በፊት ባወጡት ጥናት፣ የከባድ ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ስጋት ለዓለም በዓመት ወደ 500 ቢሊዮን ዶላር፣ ማለትም ከዓለም ገቢ 0.6 በመቶ እንደሚሆን ገምተው ነበር።

በእኛም አገር የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም (ኢፍፕሪ) ተመራማሪዎች ጉዳቱን በሶሻል አካውንቲንግ ማትሪክስ አስልተዋል። ዘዴው በሽታው በቀጥታ ያልነካው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ጭምር ያሳያል። ማሳ አልተዘጋም፤ ሆቴልና ምግብ ቤት ሲቀዘቅዝ ግን አትክልት አምራቹም ገዢ ያጣል። ይህ ቀለል ያለው ዘዴ ግን ሰው እንደ ሁኔታው ሥራውን ሲቀይር አያይም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመንገደኛ አውሮፕላኖቹ ወንበር ነቅሎ ጭነት ሲጭን እንደነበር እናስታውሳለን። ሲጂኢ የሚባሉት ሰፋ ያሉ ሞዴሎች ዋጋና ገበያ ሲለወጥ አምራቹም ሸማቹም እንዲለወጥ ስለሚፈቅዱ እንዲህ ያለውን በተወሰነ ደረጃ ይይዛሉ።

የጉሊት ሻጯን ግን ለመያዝ ሁሉም ይቸገራሉ። ገቢዋ በመዝገብ የለም፤ ሰንጠረዡ ውስጥ የምትገባው ከዓመታት በፊት በተሠራ የቤተሰብ ጥናት አማካይ ሆና ነው። በኮቪድ ጊዜ ጉዳቱን ለመከታተል የተደረጉት ጥናቶች ደግሞ በስልክ ነበሩ። ስልክ የሌለው ቤት አልተጠየቀም። እንዲህ ያለው ቤት ደግሞ በብዛት የሚገኘው ገጠር ውስጥና በድሆች ዘንድ ነው።