“ጋዝ ሙላልኝ”፦ ስለ መኪና ኤሲ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ኤሲውን የሚያስታውሰው ለፋሲካ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ አዳማ ወይም ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ደጋው አልቆ ሙቀቱ ሲጀምር ቁልፉን ይጫናል፤ የሚወጣው አየር ግን ለብ ያለ ነው። ከበዓል ሲመለስ ጋራዥ ገብቶ የሚናገረው ከሁለት ቃል አይበልጥም፦ “ጋዝ ሙላልኝ።” ይሞላለታል፤ ለጥቂት ሳምንታት ይቀዘቅዝና ተመልሶ ያው ይሆናል። ፀሐዩ ከየካቲት ጀምሮ ስለሚበረታ፣ ጥር ላይ ጋራዥ የሚገባ ሰው ፋታ ያገኛል። ከመግባቱ በፊት ግን እነዚህን ቢያውቅ ገንዘቡ ይተርፋል።

“ጋዙ እንደ ነዳጅ ያልቃል፤ በየዓመቱ መሞላት አለበት”

አያልቅም። ጋዙ ዝግ በሆነ መስመር ውስጥ የሚዞር ነው። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንዴንሰር ሙቀቱን አራግፎ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ደግሞ እየተነነ የካቢኑን ሙቀት ይወስዳል። የሚቃጠል ነገር የለም። እርግጥ በጎማ ቱቦዎቹና በመገጣጠሚያዎቹ በኩል በብዙ ዓመታት ውስጥ ጥቂት ይሾልካል። በየዓመቱ፣ ይባስ ብሎ በየሁለት ወሩ የሚያስሞሉ ከሆነ ግን የሚያስፈልግዎ ጋዝ ሳይሆን ቀዳዳውን የሚፈልግ ሰው ነው።

ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ምልክት ይተዋል። ከጋዙ ጋር ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልስ ዘይት አብሮ ይዞራል፤ ጋዙ በሚሾልክበት ቦታ ዘይቱም ይወጣና አቧራ ይሰበስባል። ኮፈኑን ከፍተው በአሉሚኒየም ቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ጠቆር ያለ፣ የወዛ ቆሻሻ ካዩ ለመካኒኩ ያሳዩት። ካልታየም መስመሩ ውስጥ ቀለም ተጨምሮ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲፈተሽ የሚሾልክበት ቦታ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ጋዝ ብቻ እየተጨመረለት የሚሄድ መኪና ግን ዘይቱ ቀስ በቀስ ያልቃል። ዘይት ያጣ ኮምፕሬሰር ውስጡ ተበልቶ ይቆማል፤ የብረት ብናኙም በመላው መስመር ይሰራጫል። ያን ጊዜ ሒሳቡ የጋዝ ሒሳብ አይደለም።

“ጌጁ 80 ካሳየ ሞልቷል”

ይህን አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩ መካኒኮች አሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጌጁ (መስመሩ ላይ የሚሰካው የግፊት መለኪያ) የሚያሳየው ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱ እንጂ በጋዙ ብዛት አይደለም። እስካሁን በብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 80 ፒኤስአይን (የግፊት መለኪያ አሃድ) ትንሽ አለፍ ያለ ግፊት ያሳያል። ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ 300 ግራምም ይኑር 700 ግራም፣ ቁጥሩ አይለወጥም።

ትክክለኛው መለኪያ ሚዛን ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ኮፈን ሥር የተለጠፈ ወረቀት የጋዙን ዓይነትና ክብደት በግራም ይናገራል። ደንበኛው አሠራር ያለውን ጋዝ በማሽን መሰብሰብ፣ መስመሩን በቫኪዩም ፓምፕ ከአየርና ከእርጥበት ማጽዳት፣ ፓምፑ ጠፍቶ የጌጁ መርፌ ከቦታው አለመነቃነቁን ማየት፣ ከዚያ መዝኖ መሙላት ነው። “ትንሽ ጨመር አድርግልኝ” ማለት አይጠቅምም፤ ከልክ በላይ የተሞላ ኤሲ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩም ይጨናነቃል።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ የሚያመጣው ግርታ አለ። የውጭ አገር መመሪያዎች የቫኪዩም መርፌው 29 ኢንች ሜርኩሪ ድረስ ይውረድ ይላሉ። ይህ በባሕር ጠለል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ የከባቢ አየሩ ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ፓምፕ ቢሆን መርፌው 22 ወይም 23 አካባቢ ይቆማል። ፓምፑ ምንም አላጠፋም፤ በቂ ጊዜ መሥራቱን ብቻ ይጠብቁ።

“ጋዝ ሁሉ ያው ጋዝ ነው”

አይደለም። ከ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ የቤት አውቶሞቢል አር-134ኤ ይዞ መሸጥ ተከልክሏል፤ ቦታውን በአብዛኛው የያዘው አር-1234ዋይኤፍ ነው። ሁለቱን መቀላቀል አይገባም። ስለዚህ መካኒኩ ሲሊንደር ከማንሳቱ በፊት ወረቀቱን ያንብብ።

ከዚህ የከፋው አስመስሎ የተሠራ ጋዝ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ኮምፕሬሰር እየፈነዳ በቬትናምና በብራዚል ሠራተኞች ሞተዋል። መንስኤው በአር-134ኤ ስም የተሞላ፣ አር-40 የተባለ ኬሚካል የተቀላቀለበት ጋዝ እንደነበር ታውቋል። አር-40 ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ፣ አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠል ውህድ ይፈጥራል። የመኪና ኤሲ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ አሉሚኒየም ነው። ዋጋው ከገበያው እጅግ የወረደ፣ ምንጩ ያልታወቀ ሲሊንደር ሲያዩ ይለፉት።

“በክረምት ኤሲ ምን ይሠራል?”

ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲጥል መስኮቱ ተዘግቶ የፊት መስታወቱ በጉም ይሸፈናል፤ አሽከርካሪውም በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው በጨርቅ ይወለውላል። ኤሲ ከአየሩ ላይ እርጥበት ይነጥቃል፤ ከሞቃት አየር ጋር ቢከፈት መስታወቱ ወዲያው ይጠራል። ከዚህም ሌላ ለወራት ያልተከፈተ ኤሲ ዘይቱ ስለማይዞር የኮምፕሬሰሩ ማሸጊያ ጎማ ይደርቃል፤ ጋዝ መሹለክ የሚጀምረውም እንዲህ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይክፈቱት።

“ከመኪናው ሥር ውሃ ከተንጠባጠበ ተበላሽቷል”

ጤነኛ ነው። ከአየሩ የተነጠቀው እርጥበት በቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። የሚያሳስበው ውሃው ካቢን ውስጥ የተሳፋሪ እግር ሥር ሲገኝ ነው፤ የመውረጃው ቱቦ ተደፍኗል ማለት ነው።

“ስሄድ ይቀዘቅዛል፣ ስቆም ይሞቃል፤ ጋዝ ጎድሏል”

ሊሆን ይችላል፤ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ግን የኮንዴንሰሩ ፋን ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ኮንዴንሰሩን ያበርደዋል፤ ሲቆም ሥራው የፋኑ ነው። የአፋርን መንገድ ለተመላለሰ መኪና ደግሞ በኮንዴንሰሩ ክንፎች መሐል የተጋገረውን አቧራ ኃይሉ በቀነሰ ውሃ ማጠብ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

“የኤሌክትሪክ መኪና ኤሲ አይፈተሽም፤ ከተበላሸም ማንም ይሞላዋል”

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህኛው እየተሰማ ነው። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ኤሲው ባትሪውንም ያበርዳል፤ ስለዚህ ሲደክም የሚጎዳው ተሳፋሪው ብቻ አይደለም። ኮምፕሬሰራቸው የሚዞረው በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚፈልጉት ፖሊኦል ኤስተር የተባለውን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘይት ነው። በነዳጅ መኪኖች ላይ የሚሠራበት ፓግ የተባለው ዘይት ከጌጁ ቱቦ ተርፎ በመጠኑ እንኳ ቢገባ የኤሌክትሪክ መከላከያውን ያዳክማል፤ መኪናውም ኤሌክትሪክ እየሾለከ ነው ብሎ አልነሳም ሊል ይችላል። የትኛውን ዘይት እንደሚጠቀም ተጠይቆ መልስ የሌለው መካኒክ ኮፈኑን ባይከፍተው ይመረጣል።