«የእግዚአብሔር መልአክ» ምንድን ነው?

የአብርሃም ሚስት የሣራ አገልጋይ አጋር ከእመቤቷ ሸሽታ በምድረ በዳ፣ ምንጭ አጠገብ ናት። አንድ አካል መጥቶ ያናግራታል። ዘፍጥረት 16 «የእግዚአብሔር መልአክ» ይለዋል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። መልአኩ ግን «እግዚአብሔር ዘርሽን ያበዛልሻል» አላላትም። «ዘርሽን እጅግ አበዛለሁ» አላት። ራሱ ሊያበዛላት ነው! እሷም ያናገራትን «ኤልሮኢ» ብላ ጠራችው፤ የሚያይ አምላክ እንደማለት ነው።

ክርስቲያኖች «መሲሑ ከመላእክት ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለው ሲከራከሩ መነሻቸው ብዙ ጊዜ ይህ እንግዳ ገጸ ባሕርይ ነው። ደግሞ አንዴ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ አይደለም። በዘፀአት 3 በእሳቱ ነበልባል ውስጥ ለሙሴ የታየው «የእግዚአብሔር መልአክ» ነው። ሁለት ቁጥር ወረድ ስትሉ ግን ከቁጥቋጦው የሚጣራው እግዚአብሔር ራሱ ነው። በመሳፍንት 13 የሶምሶን አባት ማኑሄ ስሙን ቢጠይቀው «ስሜ ድንቅ ነው» ብሎ አለፈው። ማኑሄም «እግዚአብሔርን አይተናልና እንሞታለን» ብሎ ተንቀጠቀጠ።

ታዲያ ራሱ እግዚአብሔር ነው ብለን እንዳንዘጋው ዘካርያስ 1 አለ። እዚያ ይኸው መልአክ ለኢየሩሳሌም ምሕረትን ሲለምን እናገኘዋለን። የሚለምነው ማንን ነው? እግዚአብሔርን። አንዴ ላኪው ራሱ ይመስላል፣ አንዴ ከላኪው ይለያል።

እዚህ ላይ ቃሉን ማየት ይጠቅማል። በእኔ እምነት ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው ቃሉን ከመርሳት ነው። የዕብራይስጡ «ማልአክ»ም ሆነ የግሪኩ «አንጌሎስ» መልእክተኛ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ዕድለኛ ነው፤ ላከ፣ መልእክት፣ መልእክተኛ፣ መልአክ ሲባል ሥሩ ፊቱ ላይ ነው። ቃሉ ለሰውም ያገለግላል። ሐጌ 1፥13 ነቢዩን ሐጌን «የእግዚአብሔር መልእክተኛ» ሲል በዕብራይስጡ ያለው ሐረግ አጋርን ካነጋገረው አካል መጠሪያ ጋር አንድ ነው። ሐጌ ደግሞ ክንፍ አልነበረውም። ስለዚህ «መልአክ ተብሏል፣ እንግዲህ ፍጡር ነው» ብሎ መቸኮል አያዋጣም። «መልአክ ተብሏል፣ እንግዲህ ክርስቶስ ነው» ማለትም እንደዚያው።

የጥንቱ ክርስቲያን ጸሐፊ ዮስጢኖስ ሰማዕት በ2ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጢርፎን ከተባለ አይሁዳዊ ጋር ያደረገውን ክርክር ጽፏል። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ለአብርሃም፣ ለያዕቆብና ለሙሴ የታየው ሥጋ ከመልበሱ በፊት የነበረው ወልድ ነው፤ መልአክ የተባለው የአብን ፈቃድ ስለሚያደርስ ነው። የግሪኩ ብሉይ ኪዳንም ስለሚወለደው ሕፃን በሚናገረው በኢሳይያስ 9 «የታላቅ ምክር መልአክ» የሚል ስም አለው። ሌላው የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡሊያኖስ ይህንን ስም ሲያብራራ የሥራ መጠሪያ እንጂ የባሕርይ መጠሪያ አይደለም አለ። ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል ማለት ይቻላል።

አልተጨረሰም እንጂ። በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የእስክንድርያው አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው ብሎ ተነሣ፤ በ325 የኒቅያ ጉባኤ አወገዘው። ያን ጊዜ የዮስጢኖስ ትርጓሜ ሳይታሰብ ለተቃዋሚ በር ከፈተ። አብ የማይታይ፣ ወልድ ግን የሚታይና የሚላክ ከሆነ፣ ወልድ ያንሳል ማለት አይደለም? የአርዮስ ተቃዋሚ የነበረው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ ይህን ፈርቶ አላፈገፈገም። ያዕቆብ በዘፍጥረት 48 የዮሴፍን ልጆች ሲባርክ እግዚአብሔርንና «ያዳነኝን መልአክ» አንድ ላይ ጠርቷል፤ ፍጡርን ከፈጣሪ ጋር አጣምሮ በረከት አይለመንም፣ ስለዚህ ያ መልአክ ወልድ ነው አለ። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። የታዩት ፍጡራን መላእክት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን በእግዚአብሔር ስም ነው። ዐዋጅ ነጋሪ የዳኛውን ቃል ሲያሰማ «ዳኛው እንዲህ አለ» ተብሎ ይመዘገባል፣ የነጋሪው ስም አይጻፍም። ምሳሌው ይጥማል።

ዛሬ በብዛት የሚሰማው ጥያቄ ግን «ኢየሱስ ሚካኤል ነው ወይ?» የሚል ነው። የይሖዋ ምሥክሮች አዎ ይላሉ። ኢየሱስ የመጀመሪያው ፍጡር ነው፣ የመላእክት አለቃውም እሱ ነው፤ አንዱ ማስረጃቸው ጌታ «በመላእክት አለቃ ድምፅ» ይወርዳል የሚለው 1 ተሰሎንቄ 4፥16 ነው። አድቬንቲስቶችም ሚካኤል የክርስቶስ መጠሪያ ነው ይላሉ፤ ለእነሱ ግን ክርስቶስ ያልተፈጠረ አምላክ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መፈረጅ ትልቅ ስሕተት ነው። ኦርቶዶክሶች፣ ካቶሊኮችና አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ሚካኤልን ከክርስቶስ የተለየ ፍጡር መልአክ አድርገው ያያሉ። ዳንኤል 10፥13 ሚካኤልን «ከዋነኞቹ አለቆች አንዱ» ይለዋል። ከብዙዎች አንዱ የሆነ አካል ብቸኛው ልጅ መሆኑ ይከብዳል።

«ኢየሱስ ፍጡር መልአክ ነው» ለሚለው ሐሳብ ከባዱ ፈተና ዕብራውያን 1 ነው። ጸሐፊው ከመላእክት መካከል እግዚአብሔር «አንተ ልጄ ነህ» ያለው ለማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ለማንም ነው። እንዲያውም መላእክት ሁሉ እንዲሰግዱለት ታዝዘዋል። ሚካኤል ከሰጋጆቹ ነው ወይስ ከሚሰገድለት?

እኔ ወደ ዮስጢኖስ አደላለሁ። ግን የሚያስቸግረኝ ጥቅስ እዚያው ዕብራውያን ምዕራፍ 2 ላይ አለ። በመላእክት የተነገረው ሕግ ጽኑ ከሆነ፣ በጌታ የተነገረውን መዳን ቸል ብንል እንዴት እናመልጣለን ይላል። ያኔ በመላእክት፣ አሁን በጌታ። በቁጥቋጦውና በሲና ተራራ የተናገረው ጌታ ራሱ ከነበረ ንጽጽሩ ምን ላይ ይቆማል? አውግስጢኖስም ይህችን ጥቅስ አልዘለላትም።