ደረት ሳይከፈት ልብ ይታከማል ወይ?

ባለፈው ቅዳሜ አዘዞ፣ ጎረቤት ቤት ቡና እየጠጣን የአንዲት ጨቅላ ነገር ተነሳ። ልቧ ታማ ሐኪሞች «ስቴንት ያስፈልጋታል» ብለዋል። ሁሉም የመሰለውን ተናገረ። አብዛኛው ስህተት ስለነበር ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

«ደረቷን ሊቀዱት ነው።»
አይደለም። ስቴንት ብዙ ጊዜ የሚገባው በብሽሽት በኩል፣ በመርፌ ቀዳዳ ነው። ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ውስጥ እስከ ልብ ይሄዳል። ሐኪሙ በራጅ እያየ ይመራዋል። ስቴንቱ የሽቦ መረብ ነው፤ ፊኛ ላይ ተጨምቆ ይገባል። ፊኛው ሲነፋ መረቡ ይከፈታል። ከዚያ ፊኛው ይወጣል፣ መረቡ ይቀራል። ከእስክሪብቶ ውስጥ ሞላ አውጥቼ «ለጨቅላ የሚሆነው ይችን ታክላለች» ስላቸው ነው የገባቸው።

«ስቴንት የልብ ቀዳዳ ይደፍናል።»
የስቴንት ዋና ሥራ መክፈት ነው። የጠበበ የደም ቧንቧ ተመልሶ እንዳይጠብ ደግፎ ይይዛል። ለምሳሌ አኦርታቸው፣ ማለትም ከልብ ወደ ሰውነት ደም የሚወስደው ትልቁ ቧንቧ፣ ጠቦ የሚወለዱ ልጆች አሉ። ክንዳቸው ላይ ግፊቱ ይጨምራል፣ የብሽሽታቸው ትርታ ግን ይደክማል። ቀዳዳ የሚደፈነው በሌላ መሣሪያ ነው። እሱም በካቴተር ይገባል፤ ለሁሉም ቀዳዳ ግን አይሆንም። ቀዶ ሕክምና የግድ የሚሆንባቸው ዛሬም ብዙ ናቸው።

«ትንሽ ትጠንክር፣ ከዚያ ይደረግላታል።»
እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ፅንስ ሳለን አኦርታንና የሳንባን ደም ሥር የምታገናኝ ትንሽ ቧንቧ አለች። ከተወለድን በኋላ በቀናት ውስጥ ትዘጋለች። አንዳንድ ሕፃን ግን ወደ ሳንባው ደም የሚደርሰው በእሷ ብቻ ነው። ስትዘጋ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ መጥባት ያቅተዋል። መድኃኒት ለጊዜው ክፍት ያቆያታል፣ ስቴንት ደግሞ ለወራት። የዚህች ልጅም ችግር ይኸው ነው። ለእሷ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው።

«ብረቱ አብሯት አያድግም።»
እውነት ነው፣ አያድግም። ግን ብዙዎቹን በኋላ በፊኛ ማስፋት ይቻላል። ለአንዳንዱ ልጅ ደግሞ ስቴንት ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ የሚያቆይ ነው።

«ጠበል ከጀመረች መድኃኒት ይቁም።»
በፍጹም! ስቴንቱ ላይ ደም እንዳይረጋ አስፕሪን ይታዘዛል። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሂዱ።

«ቡዳ ነው» ያለም አልጠፋም። ልብ ቅርጹን የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ 8 የእርግዝና ሳምንታት ነው። ከ100 ሕፃናት 1 ገደማ የልብ ችግር ይዞ ይወለዳል። እናቲቱን ተዉአት።

አያቷ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። «ልጄ፣ ታዲያ ወዴት እንውሰዳት?» አሉኝ። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል እንዳለ ነገርኳቸው። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ተነስተው የሪፈር ወረቀቷን ፍለጋ ሄዱ።