የሥራ አጥነት ምጣኔ ምንድን ነው? «ቀነሰ» ሲባልስ?

«የሥራ አጥነት ምጣኔው ወርዷል፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለው ነዋሪ ሥራ እየያዘ ነው።» ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ እንዲህ ሲል የሰማሁት ተንታኝ የመጀመሪያው አይደለም። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል። ያናደደችኝ «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ናት።

ምጣኔው ሥራ አጡ ለነዋሪው ሁሉ ተካፍሎ የሚገኝ አይደለም። የሚካፈለው ሥራ ላለውና ለሥራ አጡ ድምር ነው። ከሁለቱም ያልሆነ ሰው ስሌቱ ውስጥ ጨርሶ የለም።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል የሚቆመውን የታክሲ ሰልፍ አስቡት። 3 ሰዓት ላይ ሰልፉ አጥሮ ብታዩ ሁሉም ተሳፈረ ማለት ነው? የተሳፈረ አለ፤ ረፈደብኝ ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰም አለ። የሰልፉን ርዝመት ብቻ የለካ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም። ከሰልፉ ወጥቶ አጥር ሥር ቁጭ ያለ፣ ታክሲ ሲመጣ ግን ሮጦ የሚገባም አለ። ጥብቁ ዓለም አቀፍ ትርጉም «ሥራ ፍለጋ ካልወጣ ሥራ አጥ አይባልም» ብሎ ይተወዋል፤ የአገራችን የከተማ ጥናቶች ግን ለመሥራት ዝግጁ እስከሆነ ድረስ ፍለጋ ባይወጣም ሲቆጥሩት ኖረዋል።

«እንግዲያው ተስፋ የቆረጠው ተቆጥሯል፤ ምን ቀረህ?» ይለኝ ይሆናል ተንታኙ። የቀረችው ወደ ቤቷ የተመለሰችው ናት። ከካዛንቺስ ተነሥታ ኮዬ ፈጬ የገባች እናት አስቡ። ካዛንቺስ ሳለች ሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች፣ ልብስ እያጠበች ትኖር ነበር፤ ልጇን ጎረቤት ያይላታል። ስትዛወር ደንበኞቿም ጎረቤቷም ቀሩ። መጀመሪያ ሥራ አጥ ተብላ ተቆጠረች። ዓመት ቆይቶ መረጃ ሰብሳቢው «ሥራ ቢገኝ መጀመር ትችያለሽ?» ሲላት «ልጄን ለማን ትቼ?» አለች። መጠይቁ ላይ አንድ ምልክት ተደረገ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ አጥ አይደለችም። መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን መልስ በር ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። በጻፍኩት ቁጥር እጄ ይከብደኝ ነበር።

100 ጎልማሶች ባሉበት ሰፈር 45ቱ ሥራ ቢኖራቸው፣ 15ቱ ሥራ አጥ ቢሆኑ ምጣኔው 25 በመቶ ነው። ከ15ቱ አምስቱ እንደዚያች እናት ከስሌቱ ቢወጡ 10 ለ55 ይካፈላል፤ 18.2 በመቶ። አንድም ሰው ሥራ አልያዘም።

ተሳፈረ የተባለውም አንድ ፌርማታ ሄዶ የወረደ ሊሆን ይችላል። ባለፉት 7 ቀናት ቢያንስ 1 ሰዓት በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ሰኞ ጠዋት ሲሚንቶ አውርዶ ሳምንቱን የተቀመጠ የቀን ሠራተኛ ሥራ አለው ማለት ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ትንሿም ሥራ እንዳታመልጥ የተደረገ ነው። ስንት ሰዓት እንደሠራና ተጨማሪ ሥራ ይፈልግ እንደሆነ ግን አብሮ መነበብ አለበት።

ሳልጠየቅ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በዋናነት ለቤቱ ቀለብ የሚያርስን ገበሬ ሥራ ካላቸው ወገን አውጥቶታል። ለገጣፎና ገላን ዙሪያ ገና የሚታረስ መሬት አለ፤ በአሮጌውና በአዲሱ ትርጉም የተሠሩ ጥናቶችን እንዲሁ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አያስኬድም። ክረምትና በጋም እንዲሁ፤ ዝናብ ሲገባ ግንባታው ይቀዘቅዛል።

ከሁሉ የምፈራው የአንድ ወረዳ ቁጥር ነው። ሥራ ያላቸውና ሥራ አጦች ተደምረው 60 ሰዎች ብቻ በተጠየቁበት ቦታ የአንድ ሰው መልስ ምጣኔውን በ1.7 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ያንቀሳቅሰዋል። ከጥቂቶች የተሰበሰበውን መልስ ለሕዝቡ ሁሉ ለማስላት የሕዝብ ብዛት ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ቆጠራ ደግሞ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ኮዬ ፈጬ እርሻ ነበር።

«ስለዚህ» ማለት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቁጥር ይጠይቅ፤ ከ100 ጎልማሳ ስንቱ ሥራ አለው? በምሳሌ ባነሣሁት ባለ 100 ጎልማሳው ሰፈር በፊት 45 ነበር። አሁንም 45 ነው።