2⁶⁷ − 1 ምንድን ነው?

ቁጥሩ ተዘርግቶ ሲጻፍ ይሄ ነው፦ 147,573,952,589,676,412,927። ሃያ አንድ አሃዝ አለው። አገኛኘቱ ቀላል ነው። 67 ሁለቶችን እርስ በርስ እናባዛለን፣ ከውጤቱ 1 እንቀንሳለን። በቃ። ኮምፒውተር በሚጠቀምበት የ0 እና የ1 አጻጻፍ ከጻፍነው ደግሞ 67 አንዶች ተደርድረው እናያለን፤ መሀላቸው አንድም ዜሮ የለም።

በዚህ መንገድ የሚገኙ ቁጥሮች የመርሴን ቁጥሮች ይባላሉ። ማራን መርሴን ፈረንሳዊ መነኩሴ ነበር። በፈረንጆች 1644 ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ፕራይም የሆኑት የትኞቹ እንደሆኑ ዘርዝሮ ጻፈ። ፕራይም ማለት ከ1ና ከራሱ ሌላ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው፤ 7፣ 31 እና 127ን ያስቡ። 2⁶⁷ − 1ም በዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ማንም ሊያረጋግጠው ስላልቻለ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንዲሁ ቆየ።

ነገሩን በትንሽ ቁጥር እንየው። የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ፕራይም ካልሆነ ውጤቱ በጭራሽ ፕራይም አይሆንም። ብዛቱ ፕራይም ቢሆንም ግን ዋስትና የለም። 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 2047 ይመጣል። 2047 ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው። አሁን 23ንና 89ን ልብ በሉ። ከሁለቱም 1 ብንቀንስ 22ና 88 እናገኛለን፤ ሁለቱም የ22 ብዜት ናቸው፣ 22 ደግሞ የ11 እጥፍ ነው። ይሄ አጋጣሚ አይደለም። የመርሴን ቁጥርን የሚያካፍል ፕራይም ሁሉ ይህን ሕግ ይከተላል። ስለዚህ 2⁶⁷ − 1ን የሚያካፍል ነገር ካለ፣ ከ134፣ ማለትም ከ67 እጥፍ፣ ብዜቶች በ1 የሚበልጥ መሆን አለበት። በተጨማሪ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። ይሄ ሁለተኛው ሕግ ብቻውን ከቀሩት እጩዎች ግማሹን ይጥላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ በጣም ደስ የሚለው። በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ ቁጥሩ ፕራይም አለመሆኑን አረጋገጠ። በምን እንደሚካፈል ግን አላወቀም። እንዴት ይሆናል? ዘዴው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ1930 በአሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ያለው ሰው ይሞክረው። ከ4 ይነሱ። በራሱ ያባዙት፣ 2 ይቀንሱ። ያገኙትን ለሚፈትኑት ቁጥር አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይያዙ። እንዲህ እያሉ ይድገሙት፤ የድግግሞሹ ብዛት ከሁለቶቹ ብዛት በ2 ያንሳል። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ቁጥሩ ፕራይም ነው፤ ካልመጣ አይደለም።

31ን እንፈትን። 5 ሁለቶች ስላሉት 3 ጊዜ እንሠራለን። 4 በ4 ሲባዛ 16፣ 2 ሲቀነስ 14። 14 በራሱ 196፣ 2 ሲቀነስ 194፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8 በራሱ 64፣ 2 ሲቀነስ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪ የለውም። ስለዚህ 31 ፕራይም ነው። 2047ን በዚሁ መንገድ 9 ጊዜ ብትሠሩት መጨረሻ ላይ 1736 ይቀራል። ፕራይም አይደለም ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ 23 ወይም 89 የትም ብቅ አላሉም።

ቁጥሩ ይካፈላል ብሎ ማወቅና በምን ይካፈላል ብሎ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ለእኔ የ2⁶⁷ − 1 ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። በሁለቱ መሀል 27 ዓመት አለፈ።

መልሱ የመጣው በጥቅምት 1903 ኒውዮርክ ውስጥ፣ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ነው። ያቀረበው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው፦

193,707,721 × 761,838,257,287

ኮል አንዲት ቃል ሳይናገር ሰሌዳው ላይ አባዝቶ ቁጭ አለ፣ አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ የሚባል ታሪክ አለ። ስንት ጊዜ ፈጀብህ ቢሉት «የሦስት ዓመት እሑዶች» አለ ይባላል። ታሪኩ ከብዙ ዓመት በኋላ የተጻፈ ነው፤ ሲነገር አምሮ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች ግን አሉ፣ ማንም ሊያባዛቸው ይችላል። የስልክ ካልኩሌተር አብዛኛውን ጊዜ 21 አሃዝ ስለማይዝ አጠጋግቶ ይሰጣችኋል፤ በወረቀት ከሆነ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። የመጀመሪያውን በቅድሙ ሕግም መፈተሽ ይቻላል። 1 ሲቀነስለት 193,707,720 ይሆናል፤ ይሄም 134 ሲባዛ በ1,445,580 ነው። ከ134 ብዜቶች አንድ በአንድ እየተነሳ የሚፈልግ ሰው ምን ያህል መንገድ እንደሚጠብቀው ከዚህ ይታያል። ኮል ግን እጩዎቹን በብልሃት እያጠበበ ነው የደረሰበት።

ማባዛት ቀላል፣ መልሶ መበተን ከባድ መሆኑ ዛሬ እንጀራ ሆኗል። በ1977 ሪቬስት፣ ሻሚር እና አድልማን የሠሩት የምስጢር መቆለፊያ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በተለምዶ የሚሠራበት ቁጥር 617 አሃዝ አለው፤ የሁለት ትልልቅ ፕራይሞች ብዜት ነው፣ ሁለቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

በጥቅምት 2024 ደግሞ እስከዚያ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ፕራይም ተገኘ። እሱም የመርሴን ቁጥር ነው፤ 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው 1 ተቀንሶ የተገኘ፣ 41,024,320 አሃዝ ያለው። ፕራይምነቱ የተረጋገጠው በዚያው ከ4 በሚነሳው ዘዴ ነው።

2¹²⁷⁷ − 1 ግን 385 አሃዝ ብቻ ነው ያለው። ፕራይም እንዳልሆነ በእርግጠኝነት ይታወቃል። በምን እንደሚካፈል እስካሁን ያገኘ ሰው የለም።