«ተሸካሚ ብቻ ናት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ሄሞፊሊያ ያለባቸው ልጆች ቤተሰቦች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ተቀምጬ ነበር። ማይክ የያዘው ሰው ጥሩ ተናጋሪ ነው። ስለ ልጆቹ ተናገረ፣ ስለ መድኃኒቱ ተናገረ። ከዚያ ወደ እናቶቹ ዞሮ፣ «እናንተ ደግሞ አይዟችሁ፤ ተሸካሚ ብቻ ናችሁ፣ እናንተ ጋ ምንም ችግር የለም» አለ። ተጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ግን አላጨበጨበችም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ የሆነ ነገር በመዳፏ ሸሽጋ ብድግ አለች፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስተኛዋ ነበር።

ይቺን «ብቻ» ስንቴ ሰማኋት! ከሐኪም ሰምቻለሁ፣ ከማኅበር ኃላፊ ሰምቻለሁ፣ ከራሳቸው ከእናቶቹም ሰምቻለሁ። የእኔ ሥራ ላብራቶሪ ነው፤ የደም መርጋት ምርመራ እሠራለሁ። ቃል እየመዘዙ መጨቃጨቅ ልማዴ አይደለም። ዛሬ ግን እንጨቃጨቅ።

ሄሞፊሊያ ምን እንደሆነ እዚህ አልዘረዝርም። ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት፣ ፋክተር ከሚባሉት ፕሮቲኖች አንዱ ያንሳል ወይም ይጠፋል። ፋክተር 8 ከሆነ ኤ፣ ፋክተር 9 ከሆነ ቢ ይባላል። የሁለቱም ዘረ-መል ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ አለው፣ ሴት ሁለት አላት። ይበቃል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። «ሁለት ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ እሷ አትደማም፣ ለልጇ ግን ታስተላልፋለች» ይባላል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ትምህርት ቤትም የተማርነው እንደዚያው ነው። ቃሉ ራሱም ያግዘዋል። ተሸካሚ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ትከሻው ላይ ሳጥን ያደረገ ሰው ነው። ሳጥኑ የታሸገ ነው። ዕቃው የሱ አይደለም። ካንዱ ቤት ወደ ሌላው አድርሶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ውስጡ ያለው ነገር እሱን አይመለከተውም።

እሺ፣ በተሸካሚው ምሳሌ እንሂድ። ሰውነቷ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ሳጥን፣ ማለትም ሁለት ኤክስ ይዟል፤ አንዱ ከእናቷ የመጣ፣ አንዱ ከአባቷ። ሕዋሱ ግን ሁለቱንም ከፍቶ አይሠራም። በአንዱ ይጠቀማል፣ ሌላውን አሽጎ ያስቀምጠዋል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረቡት ሜሪ ላየን የተባሉ እንግሊዛዊት የዘረ-መል ተመራማሪ ናቸው። የትኛው ሳጥን እንደሚከፈት የሚወሰነው ገና ፅንስ ሳለች ነው፤ የሚወሰነውም በዕጣ ነው። ዕጣው እኩል በእኩል ከወጣላት የፋክተሯ መጠን ከተለመደው 50 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ብዙዎቹ ሕዋሶች የከፈቱት የተበላሸውን ከሆነ ግን ወደ 20 ይወርዳል፣ ወደ 10 ይወርዳል፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በታች። ስለዚህ ይቺ ሴት የታሸገ ሳጥን አልተሸከመችም። ሳጥኑ ተከፍቷል፣ እየሠራችበት ነው።

ወንድ ልጅ ላይ 20 በመቶ ስናገኝ «ቀላል ሄሞፊሊያ» ብለን እንጽፋለን። እናቱ ላይ 20 ስናገኝ «ተሸካሚ» ብለን እንጽፋለን። ያው ቁጥር፣ ያው ፋክተር፣ ያው ማሽን። ልጁ ጥርስ ሊነቀል ሲል ቀድሞ ይደወልልናል። እሷ ስትነቀል ማንም አይደውልም። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ፎጣ ነክሳ ታድራለች፣ በማግስቱ «ድዴ ስስ ነው» ትላለች። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

ይህ የእኔ የግል ብስጭት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የትሮምቦሲስና ሄሞስታሲስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ስያሜውን አስተካክሏል። የፋክተሯ መጠን ከ40 በመቶ በታች የሆነ ሴት ሄሞፊሊያ አለባት ይባላል፤ ደረጃውም እንደ ወንዶቹ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ተብሎ ይጻፋል። ከ40 በላይ ሆና የምትደማ ከሆነ ምልክት ያለባት ተሸካሚ ናት። ከ40 በላይ ሆና የማትደማዋ ደግሞ ምልክት የሌለባት ተሸካሚ። የ2025ቱ የዓለም ሄሞፊሊያ ቀንም የተከበረው ሴቶችና ልጃገረዶችም ይደማሉ በሚል መልእክት ነበር። ወሬው አዲስ አይደለም። እኛ ጋ ነው የዘገየው።

አንድ ወንድሜ ከስብሰባው በኋላ ተከራከረኝ። «ስሙ ቢቀየር ምን ይጨምርላታል? እናቶቹን ማስጨነቅ ነው» አለ። ሐሳቡ ከክፋት አይደለም። ሁሉም ተሸካሚ እንደማትደማም እቀበላለሁ፤ መጠናቸው 80 ሆኖ ዕድሜ ልካቸውን ምንም ሳይሉ የሚኖሩ ሞልተዋል። ግን የትኛዋ 80፣ የትኛዋ 18 እንደሆነች በዓይን አይታይም። ሳይለኩ «ምንም የለብሽም» ማለት ማጽናናት ከሆነ፣ ዓይኑን የጨፈነ ማጽናናት ነው።

ስለ መለካት ካነሳሁ አይቀር፣ ማንም ባይጠይቀኝም ጥቂት ልበል። የፋክተር 8 መጠን እንደ ቁመት አንዴ ተለክቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ድንጋጤ ከፍ ያደርገዋል። ሩጫ ከፍ ያደርገዋል። እርግዝና ከፍ ያደርገዋል፤ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያም እንደዚሁ። ደረጃ ሮጣ ወጥታ፣ መርፌ እየፈራች የተቀዳች ሴት ከእውነተኛው የተሻለ ቁጥር ልታሳየኝ ትችላለች። በተቃራኒው ደግሞ ናሙናው ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ከዋለ ፋክተር 8 ይወርዳል፣ ሰማያዊ ክዳን ያላት ቱቦ እስከ መስመሯ ካልሞላች ውጤቱ ይዛባል። ስለዚህ ባንድ ወረቀት አትማሉ። ይደገም በሉ።

ሌላም አለ። «ተሸካሚ ናት ወይ?» እና «ትደማለች ወይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን በእርግጠኝነት የሚመልሰው የዘረ-መል ምርመራ ነው፤ የፋክተር መጠኗ ደህና መሆኑ ተሸካሚ አለመሆኗን አያሳይም። ሁለተኛውን የሚመልሱት የፋክተር መጠኗና የራሷ ታሪክ ናቸው። ታሪኳ ያልኩት የወር አበባዋን፣ ነስሯን፣ ወሊዷን፣ ጥርሷን ነው።

ታሪኳን መጠየቅ ደግሞ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በወር አንዴ ከእናቶቹ ጋር ለብቻችን ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። ወንዶቹ ይወጣሉ፣ በሩ ይዘጋል። አንድ ቀን፣ «የወር አበባሽ ብዙ ነው?» ብዬ አንዷን ጠየቅኳት። «ኧረ ደህና ነው፣ እንደማንኛውም ሰው» አለችኝ። «ስንት ቀን?» ስላት «ዘጠኝ፣ አንዳንዴ አሥር»። «ሌሊት ትነሻለሽ?» «ሁለት ፓድ ደርቤ፣ ከሥር ፎጣ አነጥፌ ነው የምተኛው፤ ማን የማያደርግ አለ?» አለች። ዙሪያውን አየሁ። ግማሾቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እህቷም እንደዚያ ናት፣ እናቷም እንደዚያ ነበረች፣ አክስቷም። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም የሚደማ ከሆነ መድማት ጤና ይመስላል። ከሰባት ቀን ያለፈ የወር አበባ፣ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የሚቀየር ፓድ፣ በየጊዜው የሚመለስ የደም ማነስ፣ እነዚህ «የቤታችን አመል» የሚባሉ አይደሉም። ምርመራ ይፈልጋሉ።

ልብ በሉ፣ ይህ የቤተሰብ መደጋገፍ የሚያመጣው አደጋም ነው። ሰው የመሰለውን ሲያገኝ ይጽናናል። «እኔም እንዳንቺ ነኝ» መባል ደስ ይላል። ግን ክቡ ውስጥ የሚለካ ሰው ከሌለ፣ ሁሉም ተያይዞ «ደህና ነን» እያለ ደም ማነስ ውስጥ ይቀመጣል። ድጋፍ ስንል ብዙዎቻችን ማዘንና ማዋጣት ብቻ ነው የሚታየን። ከእነዚህ ሴቶች ጋር ስቀመጥ ግን የሚጎድለው ሌላ ነው። ጎረቤቷ ራሷን ሲያማት አስፕሪን እንዳትሰጣት ማወቅ አለባት። ባሏ የእሷን የቀጠሮ ቀን እንደ ልጁ ቀጠሮ መያዝ አለበት። ልጁ ጉልበቱ ሲያብጥ ይዞት የሚሮጥ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ያን ቀን እሷም ከአልጋ ላትነሳ ትችላለች።

ወሊድን ለየት አድርጌ ላንሳው። በእርግዝና ጊዜ ፋክተር 8 ከፍ ይላል። ስለዚህ የሄሞፊሊያ ኤ ተሸካሚ የሆነች ሴት በደህና ልትወልድ ትችላለች፣ ዘመድም እፎይ ይላል። ከዚያ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ መጠኑ ወደ ነበረበት ይወርዳል። ቀንሶ የነበረው ደም በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ሊበዛ ይችላል። ያኔ ጠያቂው ቀንሷል፣ ሐኪሙም አያያትም። «አራስ ናት፣ ደም ይኖራል» ይባላል። አንዳንዷ የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው። ፋክተር 9 ደግሞ በእርግዝና ይህን ያህል ከፍ አይልም፤ የቢ ተሸካሚዋ ያን ጊዜያዊ ከለላ እንኳ አታገኝም። የፋክተር መጠኗ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ይለካ። አራስ ቤት የሚገቡት ዘመዶችም ይህን ይወቁት። ሕፃኑም ወንድ ከሆነ በቫኩም ወይም በመሣሪያ ተጎትቶ እንዳይወጣ አዋላጆቹ ቀድመው መስማት አለባቸው።

አሁን ወደ ተሸካሚው ልመለስ፣ ምክንያቱም ቃሉ ሌላም ጣጣ አለው። ተሸካሚ ካለ «ያመጣው ማነው?» ይከተላል። «ልጁን ያሳመመችው እናቱ ናት» የሚለውን ነገር በአማቶች አፍ ብቻ አይደለም የሰማሁት፤ በተማሩ ሰዎችም አፍ ሰምቻለሁ። ሒሳቡን እንይ። ተሸካሚ የሆነች እናት በየእርግዝናው ወንድ ብትወልድ ሄሞፊሊያ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ሴት ብትወልድ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። የየእርግዝናው ዕጣ አዲስ ነው፤ «ሁለቱ ደህና ስለሆኑ ሦስተኛው ይታመማል» የሚባል ነገር የለም። ሄሞፊሊያ ያለበት አባት ደግሞ ለሴት ልጆቹ በሙሉ ያስተላልፋል፣ ለወንዶቹ ግን አያስተላልፍም። እና «ያመጣው ማነው» ካላችሁ፣ ወደ ላይ ስትወጡ የምትጠይቁት ወንድ አያትም ሊኖር ይችላል።

ከዚያም በላይ፣ ከሦስት ታማሚዎች አንዱ ገደማ በቤተሰቡ ከዚህ በፊት ምንም አልታየም። ለውጡ አዲስ ነው። በምሳሌያችን ካየነው ሳጥኑን ማንም አላሸከማትም፤ መንገድ ላይ ራሱ ተሰነጠቀ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የምትታወቀው በዚህ ነው፤ ከእሷ በፊት በቤተሰቧ ሄሞፊሊያ አይታወቅም። ልጇ ሊዮፖልድ ግን ታመመ፣ እ.ኤ.አ. በ1884 በ30 ዓመቱ ወድቆ ሞተ። በሴት ልጆቿ በኩል ነገሩ እስከ ሩሲያ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ንግሥቲቱ ምን አድርጋ ነው ያመጣችው? (ምሳሌዬ እዚህ ላይ መንገዳገድ ጀምሯል፤ የተሰነጠቀ ሳጥን እንዴት ይወረሳል ብትሉኝ መልስ የለኝም። ለዘረ-መሉ ግን አለኝ፤ የተቀየረው ተቀይሮ ይገለበጣል።)

የማኅበራችን መመዝገቢያ ቅጽ ላይ «ታማሚ» በሚለው ሥር የልጁ ስም፣ «አስታማሚ» በሚለው ሥር የእናቱ ስም ነበር የሚጻፈው። አሁን አንዲት መስመር ጨምረናል፦ «የእናት የፋክተር መጠን፣ የተለካበት ቀን»። ብዙዎቹ ባዶውን ይመልሱታል። አንዳንዶቹ «ለምን ይጠቅማል?» ይላሉ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ይህንኑ ሁሉ እነግራቸዋለሁ።

ያቺ በስብሰባው ሦስቴ የተነሳችው እናት ባለፈው ሳምንት መጣች። ሩጣ እንዳልመጣች ጠይቄ፣ ትንሽ አስቀምጬ ቀዳኋት። ውጤቷ 23 ሆነ። እንድገመው አልኳት፣ እሺ አለች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ካስገባች በኋላ በሩ ላይ ቆመች። «እህቴ፣ ያቺ ቅጽ ትርፍ ይኖርሻል? ታናሽ እህቴ በሚቀጥለው ወር ልትወልድ ነው።»